በቁጠባ ገንዘብ ላፕቶፕ ስትገዙ፦ ለሥራ የሚሆነውን እንዴት ትለያላችሁ?

እዚህ ቡቲዬ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። "ቲቸር፣ እቁቡ ደርሶናል፤ ለሥራ የሚሆን ላፕቶፕ የቱን እንግዛ?" ይላሉ። ያሰቡት ሥራ ግልጽ ነው፦ ማመልከቻና ሲቪ መጻፍ፣ ኢ-ሲቲዝን ላይ ቅጽ መሙላት፣ የትምህርት ዕድል ለሚፈልጉ ልጆች ማመልከት፣ ቀስ ብሎም ፕሪንተር መጨመር። ገንዘቡ ግን የአምስት ስድስት ሰው የወራት ቁጠባ ነው። አንዴ ከባከነ በቀላሉ አይተካም። ስለዚህ የማውቀውን በጽሑፍ ላስቀምጥ ብዬ ነው።

መልሱን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በእኩል ዋጋ አዲስ ርካሽ ላፕቶፕና ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ከቀረበላችሁ፣ የቢሮውን ምረጡ። ነገር ግን ሳትፈትሹ አንድ ሽልንግ እንዳትከፍሉ።

የቢሮ ላፕቶፕ ሲባል

ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው የሚገዟቸው የላፕቶፕ ዓይነቶች አሉ። ከኤችፒ ኤሊትቡክና ፕሮቡክ፣ ከሌኖቮ ቲንክፓድ፣ ከዴል ደግሞ ላቲትዩድ ይጠቀሳሉ። የውጭ ድርጅቶች ጥቂት ዓመት ተጠቅመው ሲቀይሯቸው፣ አሮጌዎቹ ተጠራርገው ወደ ናይሮቢ ይመጣሉ። ነጋዴዎቹ "ኤክስ-ዩኬ" የሚሏቸው እነዚህን ነው። አካላቸው ጠንካራ ነው፤ ብዙዎቹ በብሎን ተፈትተው ሚሞሪ፣ ዲስክና ባትሪ ይቀየርላቸዋል፤ መለዋወጫም አይጠፋም።

አዲሱ ርካሽ ላፕቶፕ ከካርቶን ሲወጣ ያምራል። ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ሴሌሮን ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ሚሞሪና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነው። ዊንዶውስ ራሱ ከማከማቻው ብዙውን ይይዘዋል። ማሻሻል ብትፈልጉም ክፍሎቹ በአብዛኛው ከቦርዱ ጋር የተበየዱ ስለሆኑ አይቀየሩም። አዲስ ነው እንጂ ገና ሲገዛ ያረጀ ዕቃ ነው።

በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ

ሻጩ "ኮር አይ 7 ነው እኮ!" ሲላችሁ ወዲያው አትደሰቱ። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። አይ 5-8250 ከሆነ የመጀመሪያው 8 ትውልዱን ይነግራችኋል፤ ስምንተኛ ትውልድ ማለት ነው። አይ 7-5600 ደግሞ አምስተኛ ትውልድ ነው። አይ 5-10210 ሲሆን አሥረኛ ነው። ስምንተኛ ትውልዱ አይ 5-8250 አራት ኮር ሲኖረው፣ አይ 7-5600 ግን ሁለት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ስሙ ያነሰው በሥራ ሊበልጥ ይችላል።

ስምንተኛ ትውልድ ላይ የማተኩረው በምክንያት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025) አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። የድሮውን የገዛ ሰው ላፕቶፑ አይጠፋበትም፤ የደኅንነት ማሻሻያ ግን ይቀርበታል። የሰዎችን የስደተኛ ወረቀትና የመታወቂያ ቁጥር የምትጽፉበት ማሽን ከሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ክልል ውስጥ ቲንክፓድ ቲ480፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እና ላቲትዩድ 7490 ይገኛሉ። አንዳንዶቹ በሰባተኛ ትውልድ ፕሮሰሰርም ስለተሠሩ ሞዴሉን ብቻ አትመኑ፤ ቁጥሩን ራሳችሁ እዩ። ሚሞሪው 8 ጊጋባይት፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ሆኖ 256 ጊጋባይት ቢሆን ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔትና ለማስተማር ይበቃል። በአሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ ግን ቀርፋፋ ነው፤ መንገድ ላይ መውደቅና መንገጫገጭም ይጎዳዋል።

የመብራቱ ነገር

ናይሮቢ ያለ ገዢ ባትሪው ደካማ ቢሆን ሶኬት አጠገብ ይቀመጣል። እኛ ጋ መብራት ሲሄድ ሥራው አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ባትሪውን እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩ። መቶ በመቶ ከሞላ በኋላ ቻርጀሩን ንቀሉና ቪዲዮ እያጫወታችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ። 85 ላይ ከደረሰ በደቂቃ አንድ በመቶ እየበላ ነው፤ ጠቅላላው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ይቆያል ማለት ነው። ያኔ ወይ ዋጋ አስቀንሱ፣ ወይ አዲስ ባትሪ አስጨምሩ። ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ከውጭ ተነቅሎ ስለሚቀየር ለእኛ ይመቻል።

ለስልክ የምንጠቀምበት ትንሽ ሶላር ላፕቶፕ አያነሳም። የእነዚህ ላፕቶፖች ቻርጀር በአብዛኛው 45 ወይም 65 ዋት ስለሆነ፣ የሶላራችሁን ዋት አስቀድማችሁ እወቁ። ከኢትዮጵያ በኩል ለምትገዙም አንድ ነገር ልጨምር፦ እዚያ ያለው መሰኪያ ሁለት ክብ ጥርስ ነው፣ የኬንያው ሶኬት ደግሞ ሦስት አራት ማዕዘን። አስማሚ ወይም ሌላ ገመድ ያስፈልጋችኋል።

ከመክፈላችሁ በፊት

አንድ የማውቀው የወጣቶች ቡድን የገዛው ላፕቶፕ ሁለት ሳምንት ሠርቶ፣ እንደገና ሲጫን የማያውቁትን የውጭ ኩባንያ የይለፍ ቃል ጠየቃቸው። ሻጩ ስልክ ማንሳት አቆመ። ቀጥሎ ያሉትን የምዘረዝረው እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስባችሁ ነው።

1. ላፕቶፑ ሲነሳ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በቲንክፓድ ኤፍ 1፣ በዴል ኤፍ 2 ተጫኑና ወደ ባዮስ ግቡ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ ተዉት። ትክክለኛው የፕሮሰሰርና የሚሞሪ ልክም እዚያ ይታያል።
2. ዊንዶውሱን እንደ አዲስ እንዲያስጀምርላችሁ ሻጩን ጠይቁና ከስልካችሁ ኢንተርኔት አገናኙት። የሆነ ድርጅት ስም አምጥቶ "በሥራ ኢሜይልህ ግባ" ካለ ተቆልፏል፤ አትግዙ።
3. ባዶ ጽሑፍ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ። ካሜራ፣ ማይክ፣ ድምፅ፣ ዋይፋይና የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን በሙሉ ሞክሩ።
4. ነጭ ምስል በሙሉ ስክሪን ከፍታችሁ ጥላ ወይም ነጠብጣብ መኖሩን እዩ። ማጠፊያውን ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ።
5. ከቋንቋ ማስተካከያው አማርኛ ጨምሩ፤ የአማርኛ ኪቦርድ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል። ለጽሕፈት ሊብሬኦፊስ በነጻ ስለሚገኝ ለተሰበረ ኦፊስ ገንዘብ አትክፈሉ።

ደረሰኝና ዋስትና

"የስድስት ወር ዋስትና አለው" ማለት ለናይሮቢ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ለእኛ ግን ሱቁ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለመመለስ የአውቶቡስ ይከፈላል፤ በካምፕ የተመዘገበ ስደተኛ ደግሞ የመንቀሳቀሻ ፈቃድም ማውጣት አለበት። የእኛ እውነተኛ ዋስትና እዚያው ሱቅ ውስጥ የምናጠፋው አንድ ሰዓት ነው። ራሳችሁ መሄድ ካልቻላችሁ፣ የሚገዛላችሁ ዘመድ ይህንን ዝርዝር ይዞ ይሂድ፤ ገንዘቡም የሚላከው ፍተሻው ካለቀ በኋላ ይሁን።

ደረሰኙ ላይ ሞዴሉ፣ ከሥሩ የተለጠፈው መለያ ቁጥርና የገዢው ስም ይጻፍ። ፖሊስ ወይም ጉምሩክ "ይሄ የማን ነው?" ሲል የሚመልስላችሁ እሱ ወረቀት ነው። በስልክ ፎቶ አንስታችሁም አስቀምጡት። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ከኢትዮጵያዋ ሞያሌ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ግድያ ሸሽቶ ወደ ኬንያ ሲሻገር፣ ቡቲዬ ካረፈባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ወረቀት አልባ መሆን ምን እንደሆነ ያውቃል።

በመጨረሻም ገንዘባችሁን ሁሉ ላፕቶፑ ላይ አትጨርሱ። ከአምስት እጅ አንዱን አስቀሩ፤ ለባትሪ፣ ለቦርሳና የሰዎችን ሰነድ ቅጂ ለምታስቀምጡበት ፍላሽ። ብዙ ሰው የሚያዋጣበት ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚነሳው "ማን ያሠራው?" የሚለው ጭቅጭቅ ነው። እሱን ከመግዛታችሁ በፊት ተነጋግራችሁ በወረቀት ብትፈራረሙ፣ ላፕቶፑም ወዳጅነታችሁም ይቆያል።