የወፍ በሽታና የሰውነት ዘብ

ከሀያትስቪል ተነስቶ በኢስት ዌስት ሃይዌይ ሲልቨር ስፕሪንግን አቋርጦ የሚነዳ ሰው፣ ትራፊኩ ከማረው፣ ብዙም ሳይቆይ ቤተዝዳ ይገባል። እዚያ ኤን አይ ኤች በሚባለው የመንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ሳሉ፣ ባሩክ ብሉምበርግና ሃርቪ ኦልተር እ.ኤ.አ. በ1963 ብዙ ጊዜ ደም የተሰጠው የአንድ ሕመምተኛ ደም ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ጋር ሲገናኝ ያልተለመደ ነገር አዩ። የሕመምተኛው ሰውነት ከሌላ ሰው ደም ጋር የገባበትን ባዕድ ነገር ለይቶ አንቲቦዲ አዘጋጅቶበት ኖሯል። ባዕዱ ነገር የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ሽፋን መሆኑ የተረጋገጠው ከዓመታት በኋላ ነው።

አገር ቤት ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ይባላል፤ የሌሊት ወፍ በላዩ ስለበረረበት ነው የሚልም አለ። ችግሩ ግን ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ ዓይን ሳያስቀይር፣ ሳያሳምም፣ ጉበት ውስጥ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት መቀመጡ ነው። ጉበት ጠጥሮ ወይም ካንሰር ይዞ እስኪገኝ ድረስ ባለቤቱ ላያውቀው ይችላል።

ክትባቱ የተሠራው ከዚያው ሽፋን ነው። በአሜሪካ መጀመሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን፣ በ1986 ደግሞ ሽፋኑ በእርሾ የሚመረትበት ክትባት ተፈቀደ። ቫይረሱ ራሱ የለበትም፤ ለሰውነት ዘብ የጠላትን መልክ አስቀድሞ ማሳየት ነው። እናቲቱ ቫይረሱ ካለባት፣ ሕፃኑ በተወለደ በ12 ሰዓት ውስጥ ክትባቱንና የተዘጋጀ አንቲቦዲ አንድ ላይ ይወጋል፦ አንዱ የራሱን ዘብ ያሠለጥናል፣ ሌላው እስከዚያው በውሰት ይጠብቀዋል። ይህ ሳይደረግ በወሊድ ከተያዘ፣ ከ10 ሕፃናት በ9ኙ ላይ ቫይረሱ ሥር ሰዶ ይቀራል። አዋቂ ሆኖ የተያዘውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ያሸንፍለታል።

ኢትዮጵያ ክትባቱን ለሕፃናት በመደበኛነት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት ተወልዶ እዚህ ታክሲ የሚነዳው፣ ሕመምተኛ የሚያስታምመው፣ ሱቅ የሚጠብቀው ወገን አብዛኛው በልጅነቱ አላገኘውም። ምላጭ መዋዋሱ፣ እንጥል ማስቆረጡ፣ ግርዛቱ ደግሞ ነበረ።

ጉርሻና ከአንድ ትሪ መብላት ግን አያስተላልፍም። ቫይረሱ ተገኘብህ የተባለ ሰው ሳህንና ብርጭቆ የሚለይበት ቤት ዛሬም አለ፤ ያለ ምክንያት ነው። በሽታው የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ነው።

ቫይረሱን ለተሸከመ ሰው ክትባቱ አይረዳውም። የሚያስፈልገው ክትትል ነው፤ ሐኪሙ ካዘዘለት ቫይረሱን የሚያዳክም ክኒን ይወስዳል። የጉበት ካንሰር ለያዛቸውና በሽታው ለገፋባቸው እ.ኤ.አ. በ2020 አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ የተባሉ መድኃኒቶች አብረው እንዲሰጡ ተፈቅዷል። ካንሰሩ የሰውነትን ዘብ የሚያስተኛበት ፍሬን አለው፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ያንን ፍሬን ይለቃል፣ ሁለተኛው እብጠቱ አዲስ የደም ሥር እንዳያበቅል ይከለክላል። ሁሉን አይፈውስም። የነቃውም ዘብ አንዳንዴ የገዛ አንጀትን ወይም እንቅርትን ያጠቃል፤ ስለዚህ ተቅማጥ ቢመጣ «ይለፍልኛል» ብሎ ዝም ማለት አይገባም።

የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ማንኛውም አዋቂ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይመክራል። ሐኪሙን «የሄፓታይተስ ቢ ሦስቱንም ምርመራ» ብሎ መጠየቅ ነው፦ ቫይረሱ አሁን አለ ወይ፣ ከዚህ በፊት ነክቶ ነበር ወይ፣ መከላከያው አለ ወይ። ሦስቱም ከአንድ ጊዜ የደም ቅጂ ይታያሉ።