ስለ ጋያና የሚወራውና መሬት ላይ ያለው

«ጋያና» ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው «ጋና» ነው፤ ካልሆነም «ጊኒ»። ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን እንያዝ። ጋያና ያለችው በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ ነው። በምዕራብ ከቬኔዝዌላ፣ በደቡብ ከብራዚል፣ በምሥራቅ ከሱሪናም ትዋሰናለች፤ በሰሜኗ አትላንቲክ ውቅያኖስ አለ። የቆዳ ስፋቷ 215 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ከብሪታንያ ነጻ የወጣችው በ1966 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ከደቡብ አሜሪካ ነጻ አገሮችም የመንግሥት ቋንቋዋ እንግሊዝኛ የሆነው እሷ ብቻ ናት።

አገሪቱን የሚጎበኝ ሰው ጥቂት ነው። ሰው ያላየውን ቦታ ደግሞ ወሬ ይሞላዋል፤ አንዱ ወሬ ያስፈራል፣ ሌላው ያማልላል። በእኔ እምነት ሁለቱም ተጓዡን እኩል ይጎዱታል። የሚያስፈራው ወሬ ዓይኑን ከእውነተኛው አደጋ ላይ ያስነሳዋል፤ የሚያማልለው ደግሞ ሰው የሚኖርበትን አገር ባለቤት የሌለው ዱር አስመስሎ ያሳየዋል።

«ሞቃታማ ጠረፍ ከሆነ ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ባሕር አለ»

የለም። በዋና ከተማዋ በጆርጅታውን ዳርቻ ቆሞ ባሕሩን የሚያይ ሰው ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ቡናማ ውኃ ነው። ምክንያቱ ቆሻሻ አይደለም። የአማዞን ወንዝ ወደ አትላንቲክ የሚያፈሰውን ደለል የባሕሩ ሞገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ እየገፋ ከአማዞን እስከ ኦሪኖኮ አፍ ድረስ፣ 1600 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያንቀሳቅሰዋል። ደለሉ ትልልቅ የጭቃ ክምር እየሠራ በዓመት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ክምሩ በአንድ መንደር ፊት ሲደርስ የማዕበሉን ጉልበት ይሰብረዋል፤ ማንግሮቭ የተባለው በጨው ውኃ ውስጥ የሚያድግ ዛፍም ጭቃው ላይ ሥር ይሰዳል። ክምሩ ሲያልፍ ማዕበሉ ተመልሶ ዛፉንም መሬቱንም ይገምሳል። የጋያና ጠረፍ እንዲህ ሲሠራና ሲፈርስ የሚኖር ጠረፍ ነው።

ከሕዝቡ አብዛኛው የሚኖረው በዚህ ጠባብ የባሕር ዳር ሜዳ ላይ ሲሆን፣ ባሕሩ ሲሞላ መሬቱ ከውኃው ወለል በታች ይሆናል። ከተማዋን የሚጠብቃት ረጅም የባሕር ግንብ ነው፤ ሕዝቡ በእሑድ ምሽት ወጥቶ ነፋስ የሚቀበልበትም እሱው ነው። ከግንቡ ጋር ደግሞ ቦዮቹና «ኮከር» የሚሏቸው የውኃ በሮች አሉ። ባሕሩ ሲሸሽ በሮቹ ይከፈቱና የዝናቡ ውኃ ይወጣል፤ ሲሞላ ይዘጋሉ። ከባድ ዝናብ ቀጥሎ ውኃው መውጫ ሲያጣ ከተማዋ ትጥለቀለቃለች፤ በጥር 2005 የደረሰው ጎርፍ እስከ ዛሬ ይነሣል።

ቦዮቹንና የውኃ በሮቹን ከብሪታንያ በፊት አገሩን የያዙት የደች የእርሻ ተከላ ባለቤቶች እንደሠሯቸው ተደርጎ ይነገራል፤ ይህም ሌላ ተረት ነው። ዕቅዱን ደቾች ቢያወጡም ጭቃውን በአካፋ ያወጡት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው። የጋያናው ታሪክ ጸሐፊ ዋልተር ሮድኒ በእነዚህ እጆች የተነሣው ውኃ የጠጣ ከባድ ሸክላ 100 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ጽፏል። ባርነት ሲቀር ነጻ የወጡት ሰዎች ገንዘብ እያዋጡ የተከላ መሬት ገዙ፤ ከጆርጅታውን በስተ ምሥራቅ ያለው በክስተን በ1840 እንዲህ የተገዛ መንደር ነው። እዚህ ላይ የእኛም ታሪክ ይገባል። ጆርጅ ቶማስ ናትናኤል ግሪፊት የተባለው የበክስተን ልጅ ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ጊዜ ስሙን ለውጦ ራስ መኮንን ተባለ፤ በ1945 በማንቸስተር የተደረገውን የፓን አፍሪካ ጉባኤ ካዘጋጁትም አንዱ ነበር። ጋያናን ከእኛ ጋር ምንም የማያገናኛት ሩቅ አገር አድርጎ የሚያስብ ሰው ይህን ስም ይያዝ።

አሸዋ የግድ የሚል ሰው በሰሜን ምዕራብ ጫፍ ሼል ቢች አለለት፤ ስሙ እንደሚለው ከዛጎል ስብርባሪ የተሠራ ዳርቻ ነው። ከመጋቢት እስከ ነሐሴ አራት ዓይነት የባሕር ኤሊዎች እንቁላላቸውን ሊጥሉ በሌሊት ይወጡበታል፤ ከእነሱ መካከል ከሁሉ ግዙፉ ሌዘርባክም ይገኛል። ኤሊዎቹን የመጠበቁን ሥራ ከተመራማሪው ፒተር ፕሪቻርድ ጋር ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ኦድሊ ጀምስ ቀድሞ ራሱ ኤሊ አዳኝ ነበር። ጥበቃ ከውጭ መጥቶ የተጫነ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

«ውስጡ ሰው ያልረገጠው ጫካ ነው»

ጫካው እውነት ነው፤ ከአገሪቱ መሬት ከአምስት አራቱን እጅ የሚበልጠው ደን ነው። ሰው ያልረገጠው የሚለው ግን ሐሰት ነው። ማኩሺ፣ ዋፒሻና፣ ፓታሞና፣ አካዋዮ፣ ዋይዋይ፣ ዋራው፣ አራዋክ፣ ካሪብና አሬኩና የተባሉት ዘጠኝ ነባር ሕዝቦች አውሮፓውያን ሳይመጡ ጀምሮ እዚያው ናቸው። በ2006 የወጣው የነባር ሕዝቦች ሕግ የመንደር መሬት ላይ ለመግባት የመንደሩን ምክር ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። የመንደሩ መሪ «ቶሻኦ» ይባላል፤ በምርጫ ነው የሚሾመው። «ጀብደኛ ነኝ» ብሎ ሻንጣውን አዝሎ ሳይጠይቅ የሚገባ ሰው የሰው ግቢ የደፈረ ሰው ነው።

ፈቃድ ጠይቆ ለሚሄድ ግን በሩ ክፍት ነው። በአገሪቱ ደቡብ ባለው በሩፑኑኒ ሜዳ አጠገብ ሱራማ፣ ሬዋ እና ዩፑካሪ የተባሉት መንደሮች የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። መንገድ መሪው፣ ጀልባ ቀዛፊውና ምግብ ሠሪዋ የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ሬዋ ሦስት ሜትር ሊደርስ የሚችለውንና አየር ለመሳብ ወደ ላይ ብቅ የሚለውን አራፓይማ የተባለ ዓሣ የሚያሳዩበት መንደር ነው።

እንዲህ ባለ መንደር ያረፈ ሰው ጊዜ ወስዶ ቢያየው የምመኝለት ነገር ካሳቫ ሲዘጋጅ ነው። መራራው ካሳቫ በጥሬው መርዝ አለው፤ ጭማቂው ሰው ይገድላል። ሴቶቹ ሥሩን ልጠው ይፈገፍጉታል፤ የተፈገፈገውን «ማታፒ» በሚባል ረጅም፣ በእጅ የተጠለፈ ቱቦ ውስጥ ያጭቁታል። ቱቦው ከአግዳሚ እንጨት ላይ ይንጠለጠላል፣ በታችኛው ጫፉ ዘንግ ይገባል፣ አንዷ ዘንጉ ላይ ትቀመጣለች። ክብደቷ ቱቦውን ሲስበው ይጠብና ጭማቂው ጠብ ጠብ ይላል። ደረቁ ተነፍቶ በክብ ምጣድ ላይ ቂጣ ይሆናል። መርዛማው ጭማቂም አይደፋም፤ ለሰዓታት ሲፈላ መርዙ ይወጣና ጥቁር ወፍራም ማጣፈጫ ይወጣዋል። «ፔፐርፖት» የተባለው የሥጋ ወጥ በዚህ ተሠርቶ፣ በየቀኑ እየፈላ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ለቀናት ይቆያል። ይህ ዕውቀት ያላቸው ሰዎች የሚኖሩበትን ደን «ባዶ» ማለት ያሳዝነኛል።

«ፒራንያ ይበላሃል፣ አናኮንዳ ይውጥሃል»

የፒራንያን ስም ለዓለም ያጠፋው በአብዛኛው የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከብራዚል ጉዞው በኋላ በ1914 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። እንዲያውም የሩፑኑኒ ሰዎች ፒራንያን በመንጠቆ አጥምደው ጠብሰው ይበሉታል። የሚነክሰው ብዙውን ጊዜ በበጋ ውኃው ሲጎድልና ዓሣው በጠባብ ኩሬ ሲታፈን ነው፤ የተነከሰውም ሰው እጁ ወይም እግሩ ቆስሎ ይወጣል እንጂ አጥንቱ ብቻ አይቀርም። አናኮንዳ አለ፤ ያየው ሰው ዕድለኛ ነው።

ታዲያ ምን ይፈራ? በወንዙ ዳር አሸዋ ውስጥ የሚደበቀው ስቲንግሬይ የተባለ ጠፍጣፋ ዓሣ ጭራው ላይ መርዘኛ እሾኽ አለው፤ ወደ ውኃ ሲገባ እግርን ሳያነሡ አሸዋውን እየጠረጉ መራመድ ነው መፍትሔው። «ላባሪያ» የተባለው እባብ ከደረቅ ቅጠል አይለይም፤ ቦት ጫማና የእጅ ባትሪ ያስፈልጋል። ደን ውስጥ ሰፍሮ የሚያድር ሰው ሃሞኩን፣ ማለትም ተንጠልጣይ አልጋውን፣ ከመስቀሉ በፊት ቀና ብሎ ከላይ የደረቀ ቅርንጫፍ አለመኖሩን ያረጋግጥ። የመንገዱና የወንዙ ጉዞም ቀላል አይደለም፤ ከሊንደን ከተማ በብራዚል ድንበር ወዳለችው ወደ ሌተም የሚወስደው መንገድ ረጅምና ቀይ አፈር የበዛበት ነው፣ በዝናብ ጊዜ ሚኒባስ ጭቃ ውስጥ ሊያድር ይችላል። ጆርጅታውን ውስጥም ዘረፋ ስላለ በምሽት በእግር ከመሄድ በታክሲ መሄድ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን ወባ ነው። ዋና ከተማው አካባቢ እምብዛም የለም፤ በውስጡ፣ በተለይ የወርቅ ማዕድን በሚወጣባቸው አካባቢዎች አለ። «እኛ አፍሪካውያን ነን፣ ወባን ለምደነዋል» የሚል አነጋገር በወገኖቻችን ዘንድ እሰማለሁ፤ ይህ ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ስሕተት ነው። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ለወባ የለመደ ሰውነት የለውም። ቆላ አድጎ ለዓመታት ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም የኖረም የነበረው መከላከያ ደክሟል። ከጉዞው በፊት ሐኪም አማክሮ የመከላከያ ኪኒን መጀመር፣ በአጎበር መተኛት፣ ከተመለሱ በኋላም ትኩሳት ከያዘ ሳይውሉ ሳያድሩ «ጋያና ነበርኩ» ብሎ ለሐኪም መናገር ግድ ነው።

«የጆንስታውን አገር»

ኅዳር 18 ቀን 1978 በጋያና ሰሜን ምዕራብ ደን ውስጥ፣ ጆንስታውን በተባለው ሰፈርና በአካባቢው፣ ከ900 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከ300 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ሟቾቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጂም ጆንስ የተባለውን የሃይማኖት ቡድን መሪ ተከትለው ከአሜሪካ የመጡ ሲሆኑ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ሁኔታቸውን ሊያጣራ የሄደው የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሊዮ ራያንም ፖርት ካይቱማ በሚባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ተገደለ። የጋያና ሰዎች በዚህ ሁሉ ያላቸው ድርሻ መሬቱ የእነሱ መሆኑ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ስማቸው ግን ከዚያ ወዲህ ከዚህ እልቂት ጋር ተጣብቆ ቀረ። አገሩን ለማየት የሚሄድ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ባይሆን ደግ ነው።

«የካይቱርን ፏፏቴ ለማየት ለቀናት በደን መጓዝ ግድ ነው»

ለሚፈልግ የእግርና የጀልባ ጉዞ አለ፤ ቀናት ይፈጃል። ግዴታ ግን አይደለም። ከጆርጅታውን አጠገብ ካለው የኦግል ማረፊያ በትንሽ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የፖታሮ ወንዝ በካይቱር በአንድ ጊዜ 226 ሜትር ይወረወራል፤ የእኛን ጢስ ዓባይ አምስት እጥፍ ያህል ማለት ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ አጥር ስለሌለ የፓርኩ አስጎብኚ ከሚለው ነጥብ ማለፍ አይገባም። ፏፏቴው ላይ ብቻ ካላፈጠጡ ሌላም ነገር አለ። በዙሪያው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ብሮሚሊያድ የተባለ ተክል ይበቅላል፤ በቅጠሎቹ ጉንጉን ውስጥ በሚጠራቀመው ውኃ ደግሞ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ወርቃማ እንቁራሪት ትኖራለች። እንቁላሏን የምትጥለውም፣ ልጆቿ የሚያድጉትም እዚያው ጠብታ ውስጥ ነው።

«ጎብኚ የሌለበት አገር ርካሽ ነው»

ተቃራኒው ነው። በ2015 በባሕሩ ውስጥ ትልቅ የነዳጅ ክምችት ተገኘ፤ ምርቱ በ2019 መጨረሻ ተጀመረ፤ የጆርጅታውን የሆቴልና የኪራይ ዋጋ ሰማይ ነካ። ወደ ውስጥ ሲገባ ነዳጁም ምግቡም በአውሮፕላን ወይም በጀልባ ስለሚመጣ ሁሉም ነገር ይወደዳል። የካይቱር በረራ በቂ ሰው ካልሞላ ሊሰረዝ ስለሚችል ትርፍ ቀን መያዝ ያዋጣል። ከዋና ከተማው ሲወጡም የአገሩን ጥሬ ገንዘብ ይዞ መውጣት ነው።

ስለ ሃሪኬን የሚጠይቁም አሉ፤ ጋያና ከሃሪኬኑ መንገድ በስተ ደቡብ ስለሆነች አይነካትም። ዝናቡ ግን ከባድ ነው። ጠረፉ ላይ ከግንቦት እስከ ነሐሴ አጋማሽና ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ይዘንባል፤ ሩፑኑኒ ላይ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ብቻ።

«ከእኛ አገር መድረስ አይቻልም»

ይቻላል፤ አድካሚ ነው። ቀጥታ በረራ የለም። በአሜሪካ በኩል የሚያልፍ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ለመሸጋገሪያም ቪዛ ይጠየቃል። ሌላው መንገድ በብራዚል ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሳኦ ፓውሎ ይደርሳል፣ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ቦአ ቪስታ፣ ከቦአ ቪስታ 125 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ተጉዞ የታኩቱን ድልድይ ተሻግሮ ሌተም ይገባል። የብራዚልንም የጋያናንም ቪዛ አስቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል። በቬኔዝዌላ በኩል መደበኛ የየብስ መግቢያ የለም፤ ያቺ አገር የጋያናን ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን የኤሴኪቦን ምድር የእኔ ነው ስለምትል ክርክሩ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ወደ ድንበሩ ከመጠጋት በፊት ወቅታዊውን ሁኔታ መጠየቅ ይገባል።

አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን መንገዱ አጭር ነው። ከኒውዮርክ ስድስት ሰዓት የማይሞላ በረራ ሲሆን፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። በኩዊንስ ሪችመንድ ሂል ሰፊ የጋያና ማኅበረሰብ ስላለ ቤተሰብ ጥየቃ ከሚሄዱት ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ መምከር ይቻላል።

ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ሰው ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው፤ ኢትዮጵያ በሽታው ሊኖርባቸው ይችላል ከሚባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች መግቢያው ላይ ይጠየቃል። ክትባቱ ቢያንስ ከመድረሻው ቀን 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት፤ አንድ ጊዜ ከተወሰደ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።