አንድ ቃል በቴምብር ላይ

ቴምብር የሚነድፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚቸገረው በቦታ ጥበት ነው። በሁለት ጣት በምትሸፈን ወረቀት ላይ የአገር ስም፤ ዋጋ፤ አርእስትና ሥዕል ይግባ ስለሚባል፤ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚወጡት ቴምብሮች ብዙውን ጊዜ ደኑም፤ አውሬውም፤ ወንዙም ተደባልቆባቸው ይቀራሉ። እኛ ዛሬ የምንናገረው ሥዕሉን ትቶ በፊደል ብቻ ስለሚሠራው ቴምብር ነው፤ ይልቁንም የገዛ ፊደላችን ለዚህ ሥራ ምን ያህል እንደሚመችና እንደሚያስቸግር።

በዚህ ረገድ ስሙ የሚነሣው ሆላንዳዊው ዊም ክራውዌል ነው። በ1976 (ዘመናቱን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ለአገሩ ፖስታ የነደፈው ተራ ቴምብር ከቀለም፤ ከቁጥርና ከአገሩ ስም በቀር ሌላ ነገር አልነበረበትም፤ ሆኖም እስከ 2002 ድረስ ሲሠራበት ኖሯል። እርግጥ ይህ ቴምብር ስለ ተፈጥሮ የሚለው የለም። በሌላ በኩል አሜሪካ በ1970 ስለ ብክለት ባለ 6 ሳንቲም አራት ቴምብሮች ጎን ለጎን አትማ አወጣች፤ አፈራችንን፤ ከተሞቻችንን፤ ውሃችንን፤ አየራችንን አድኑ ይላሉ። በያንዳንዱ ላይ የምድር ሉል ተሥሏል፤ ከሉሉም ጋር በየተራ ስንዴ፤ ከተማ፤ ዓሣና የባሕር ወፍ ይታያሉ። በእኛ አስተያየት ኃይሉ ያለው በቃሉ ላይ ነው፤ ዓሣውን በጣት ብንሸፍነው የሚጎድል ነገር የለም። በ2011 ደግሞ ያችው አገር ዛፍ ትከሉ፤ የሚያፈስ ውሃ ጠግኑ፤ በእግር መሄድን ምረጡ እያሉ የሚመክሩ 16 ቴምብሮች በአንድ ገጽ አወጣች። ምክሩ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን አሥራ ስድስት ትእዛዝ ሲደረደር የትምህርት ቤት ደንብ መምሰሉ አልቀረም።

አሁን ወደ ፊደላችን እንምጣ። አንባቢያችን አፈርና አየር የሚሉትን ቃላት አንዱን ከሌላው በታች አድርጎ ይጻፋቸው። መነሻቸውም መድረሻቸውም አንድ ነው፤ የሚለያቸው መካከለኛው ፊደል ብቻ ነው። ሁለት ቴምብር ተያይዞ ቢታተምና በሁለቱም ላይ አ እና ር በአንድ ቦታ በጥቁር ቀለም ቢቆሙ፤ ፈ በቡናማ የ በሰማያዊ ቢወጡ፤ የአንዱ ጉዳት ለሌላው እንደሚተርፍ ያለ አንዳች ሥዕል ይታያል።

ችግሩም ከዚሁ አይርቅም። የላቲን ፊደል የሚነድፍ ሰው ከፊደሉ ጫፍ ጌጡን ቢቆርጥ ፊደሉ ያው ፊደል ነው። በእኛ ግን በሉ ወገብ ላይ ያለችው ቅጥያ ብትነሣ ለ ይሆናል፤ የዛፍ ዛ ሁለቱ እግሮቹ ቢተካከሉ ዘ ይሆናል። ትንሿ ቅጥያ ድምፅ እንጂ ጌጥ አይደለችም። ከውጭ መጻሕፍት ባዩት ልክ ፊደሉን የሚመለምሉ ወጣት ነዳፊዎች ይህን ሲዘነጉ ቃሉ የማይነበብ ይሆናል። (ውሃ የሚለውን በየትኛው ሐ እንጻፍ የሚለው ክርክር ሳይጨመር ነው።)

ሌላም ግዴታ አለ። የዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ የአገር ስም በላቲን ፊደል፤ ዋጋውም በላቲን ፊደል ወይም በዐረብ አኃዝ እንዲጻፍ ያዛል፤ ከስሙ ነፃ የሆነችው በ1840 ቴምብርን የጀመረችው እንግሊዝ ናት። ኢትዮጵያ በ1894 ፓሪስ አሳትማ ባወጣቻቸው የመጀመሪያ ቴምብሮች ላይ ስሟንም ዋጋውንም የጻፈችው በራሷ ፊደል ነበር። በ1908 ወደ ኅብረቱ ከገባች በኋላ፤ በ1909 በወጡት ላይ ፈረንሳይኛ ተጨመረ። ስለዚህ ባለ አንድ ቃል ያልነው ቴምብር የግድ ሌላም ጽሑፍ ይሸከማል። እኛ የምንመርጠው የላቲኑ ስምና ዋጋው ከግርጌ በአንድ ቀጭን መሥመር ተሰብስበው ቃሉ ሜዳውን እንዲይዝ ነው።

ማንበብ ለማይችለውስ? የሚሉን ወዳጆች አሉ፤ ጥያቄያቸውም የሚናቅ አይደለም። ዋልያን ሥሎ ማሳየት ስሙን ከመጻፍ ይሻላል፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን አየርን ማን ሊሥለው ይችላል? ጭስ ቢሣል ጭስ ነው፤ ደመናም ቢሣል ደመና ነው።

የመጨረሻው ፈታኝ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ነው። ጥቁሩ ክብ ሲያርፍበት ቀጭን ፊደል ይዋጣል፤ ወፍራሙ ግን ከሥሩ ይነበባል። እንግዲህ ነዳፊው ሥራውን ከማስረከቡ በፊት በቴምብሩ ልክ አሳንሶ ያትመው፤ ማኅተምም ይምታበት፤ አፈር ከአየር ካልተለየ እንደገና ይጀምር።