የቪኛሌስ ገበሬና የእኛ ዕዳ

ባለፈው ክረምት ከዳላስ በማያሚ በኩል ሐቫና ገብቼ፣ በማግስቱ በአሮጌ ሸቭሮሌ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቪኛሌስ ሸለቆ ተጓዝኩ። ቀይ አፈር፣ የትምባሆ ማሳ፣ በጥማድ በሬ የሚያርስ ገበሬ። ጎጃም የገባሁ መሰለኝና መኪናውን አስቁሜ ወረድኩ።

ገበሬው ቡና አፍልቶ ተቀበለኝ። በአስተርጓሚያችን በኩል ስንጨዋወት፣ ከትምባሆው ከአሥር እጅ ዘጠኙን መንግሥት በራሱ ዋጋ እንደሚወስድበት የነገረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ይህን ሹክሹክታ አውቀዋለሁ። በደርግ ዘመን አባቴ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የተጣለበትን ኮታ ለመሙላት እህል በውድ ገዝቶ በርካሽ ሲያስረክብ፣ ብሶቱን ለእናቴ የሚነግራት እንዲሁ ነበር።

ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ ተነስቶ አቀፈኝ። ታላቅ ወንድሙ በ1970 ዓ.ም. ኦጋዴን ዘምቶ እዚያው ቀርቷል።

ምን ልበለው? የካስትሮ ጦር ከወገን ጦር ጎን ተሰልፎ የዚያድ ባሬን ወረራ ሲመክት፣ ደርግ ደግሞ በየከተማው ታላላቆቻችንን በቀይ ሽብር ይፈጅ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። እኛ ግን አንዱን ይዘን ሌላውን ጣልን። አዲስ አበባ በሚገኘው የትግላችን ሐውልት የወደቁት ኩባውያን ምስል አለ፤ "የደርግ ነው" ብለን ዞር ብለን ሳናየው ኖርን።

ወገኖቼ፣ ሥርዓቱን መጥላት ሌላ፣ ለአገራችን የሞተውን መርሳት ሌላ ነው። እኔ አገሬ መግባት አልቻልኩም። የምትሄዱ ካላችሁ፣ እዚያ ሐውልት ሥር ስለዚያ ገበሬ ወንድም አንድ አበባ አኑሩልኝ።