ጎማ ስንገዛ ምን እናስቀድም?



መኪናችንን ከመንገዱ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጎማ አስፋልቱን የሚነካው የመዳፍ ያህል በሆነች ቦታ ነው። ልጆቻችንንና አዛውንት ወላጆቻችንን ይዘን የምንጓዘው በነዚህ አራት መዳፎች ላይ ነው። ታዲያ ጎማ ልንገዛ ስንሄድ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው «ስንት ነው?» እና «ስንት ጊዜ ያገለግላል?» ብለን ነው። «ዝናብ ላይ ፍሬን ሲያዝ ይቆማል ወይ?» የምንል ጥቂቶች ነን።

በብዙ ጎማዎች ጎን ላይ በአሜሪካ ሕግ መሠረት የሚጻፍ ሦስት ዓይነት ደረጃ ይገኛል። የመጀመሪያው ጎማው ቶሎ አለማለቁን የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ 400 የሚለው 200 ከሚለው በሙከራው መንገድ ላይ እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ሁለተኛው በእርጥብ መንገድ ላይ የመቆም ደረጃ ሲሆን፣ ከፍተኛው ደብል ኤ፣ ዝቅተኛው ሲ ነው። ይህም የሚለካው ቀጥታ ሲነዳ እንጂ በኩርባ ላይ አይደለም። ሦስተኛው ሙቀትን የመቋቋም ደረጃ ሲሆን ከኤ እስከ ሲ ይደርሳል። ደረጃውን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የሁለት ፋብሪካ ቁጥሮችን በጥንቃቄ ማነጻጸር ይገባል።

ሁሉንም አሟልቶ የያዘ ጎማ ግን አይገኝም። ብዙ ጊዜ ለረጅም አገልግሎት የተሠራ ጠንካራ ጎማ በእርጥብ መንገድ ላይ ይደክማል። ስለዚህ ውጤቱን ከመደመራችን በፊት የራሳችንን ጉዞ እንመዝን።

ለምሳሌ ያህል፣ ከ10 ነጥብ አንደኛው ጎማ በዝናብ ለመቆም 5፣ ለዕድሜ 9፣ ለምቾት 8 አገኘ እንበል። ሁለተኛው ደግሞ 9፣ 6 እና 6 ያግኝ። በተራ ድምር አንደኛው 22 ለ21 ይበልጣል። ነገር ግን ቤተሰብ የሚጭን ሰው በዝናብ ለመቆም 5፣ ለዕድሜ 3፣ ለምቾት 2 ክብደት ሰጥቶ ቢያባዛ፣ ሁለተኛው 75 ለ68 ይበልጣል። ጎማዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ያስቀደምነው ነገር ነው።

በክረምት የአዲስ አበባን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው በእርጥብ የመቆሙን ደረጃ ያስቀድም። ወደ አፋር ቆላ የሚመላለስ ደግሞ የሙቀቱን ደረጃና የጭነት አቅሙን አጥብቆ ይመልከት።

የተሠራበትን ጊዜ ማየትም አይዘንጋ። በጎማው ጎን ካሉት አራት አሃዞች የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይገልጻሉ። 1523 ቢል እ.ኤ.አ. በ2023 በ15ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በ2015 ሚያዝያ ላይ የተሠራ ነው። መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት የቆየ ጎማ ጥርሱ ባያልቅም ላስቲኩ ይደርቃል። ነጋዴ ወንድሞቻችንም ይህን ለገዢ መግለጽ አማናቸው ነው፤ የዕቃን ጉድለት ደብቆ መሸጥ በዲናችን የተከለከለ ነውና።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ላለው ሰው አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያም በአላህ እንዲመካ እንዳዘዙት እናውቃለን። የዛሬው ግመላችን መኪናው ነው። ሰበቡን አድርሰን፣ የጉዞ ዱዓችንን አድርገን እንነሣ።

አላህ (ሱ.ወ.) መንገዳችንን ሰላም ያድርግልን። አሚን።