ኦክስጅን በጉርሻ

ሃይድሮካርቦን ለማቃጠል ክብሪት ይበቃል። ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሃይድሮጅኑ ውሃ ሆኖ ያልቃል። የሚከብደው መሐል ላይ ማስቆሙ ነው።

ፕሮፒሊን ከነዳጅ ማጣሪያ የሚገኝ ጋዝ ነው። ከአሞኒያና ከኦክስጅን ጋር በልኩ ሲዋሐድ አክሪሎናይትራይል የተባለ ፈሳሽ ይሆናል፤ የሹራብና የብርድ ልብስ ክር፣ አንዳንዱ የሕክምና ጓንት፣ ለአውሮፕላን አካል የሚውለው የካርቦን ክርም የሚሠሩት ከእሱ ነው። ልኩ ካለፈ ግን ሁሉም ጭስ ሆኖ ይቀራል፤ ምርቱ ራሱ ተቀጣጣይ ነውና።

መላው የተገኘው በአሜሪካዋ ኦሃዮ፣ በነዳጅ ኩባንያው ሶሃዮ ቤተ ሙከራ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎቹ አንድ ደፋር ጥያቄ አነሡ፦ ኦክስጅኑ በቀጥታ ከአየር መምጣቱ ቀርቶ ከብረታ ብረት ኦክሳይድ ቢመጣስ? ብዙ ኦክሳይዶች ሞክረው ቢስሙትና ሞሊብዲነም የተባሉ ብረቶች ያሉበት ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ለውጡን የሚያፋጥን ነገር) ላይ ደረሱ። በ1957 ጄምስ አይዶል አሞኒያ ጨመረበት፤ በ1960 ላይማ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ።

እዚህ ላይ ፕሮፒሊኑ መሶብ ቀርቦለት እንዳሻው አይቆርስም፤ ኦክሳይዱ ነው የሚያጎርሰው፣ ያውም ቆጥሮ። መጀመሪያ ቢስሙት አጠገብ ያለ ኦክስጅን ከፕሮፒሊኑ አንድ ሃይድሮጅን ይነጥቃል። የቀረው ሞለኪውል ሞሊብዲነሙ ላይ ያርፍና ከአሞኒያው የመጣውን ናይትሮጅን ይቀበላል። ገጹ ላይ የጎደለው ኦክስጅን ከጠጣሩ ውስጥ በሚመጣ ኦክስጅን ይተካል፤ የአየሩ ኦክስጅን ደግሞ በሌላ ቦታ ገብቶ ጠጣሩን ይሞላል። ሆላንዳውያኑ ማርስና ቫን ክሬቨለን ይህን ዓይነቱን ዙር በ1954 በቫናዲየም ኦክሳይድ ላይ ገልጸውት ነበር። ኋላ ላይ ፕሮፒሊን አክሮሊን ወደተባለ ውህድ በሚለወጥበት ሙከራ ከባድ የኦክስጅን አይሶቶፕ ያለበት ጋዝ ሲነፋበት፣ በመጀመሪያ የወጣው ምርት የያዘው ቀላሉን፣ የጠጣሩን ኦክስጅን ሆነ። ይህ ውጤት ዛሬም ይደንቀኛል፤ ድንጋይ የሚመስለው ነገር ውስጥ ለውስጥ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው።

አቀማመጡም ወሳኝ ነው። ካላሃንና ግራሴሊ በ1963 እንዳስረዱት፣ ኦክስጅኖቹ ገጹ ላይ ከታጨቁ ሞለኪውሉን ያቃጥሉታል፤ እጅግ ከሳሱ ሥራው አይሠራም፤ ጥቂት ጥቂት ሆነው ሲነጣጠሉ ነው ምርቱ የሚገኘው።

ፕሮፒሊን በዚህ መንገድ ተገራ፤ ከሃይድሮካርቦኖች ሁሉ ቀላሉ ሚቴን ግን እስካሁን አልተገራም። ካርቦንና ሃይድሮጅኑን ያያያዘውን ትስስር ለመስበር በሞል 439 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል፤ ከሚቴን የሚሠራው የሜታኖል ተመሳሳይ ትስስር ግን በ402 ገደማ ይሰበራል። ሚቴኑን ለመንካት የበረታ ኦክስጅን ሜታኖሉን ቀድሞ ይበላዋል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ሚቴኑን በከፍተኛ ሙቀት ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ከበተኑ በኋላ ሜታኖሉን መልሰው ይገጣጥሙታል።