በሰቆጣ ከፍታ ላይ ድሮን ለምን ይወድቃል?

የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ በሆነችው በሰቆጣ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚልቅ ከፍታ የሚበር የፎቶግራፍ ድሮን፣ አብራሪው ልብ ባይለውም፣ በቆላ ከሚበረው አምሳያው ይልቅ በጠባብ የደኅንነት ወሰን ውስጥ ይንቀሳቀሳል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚገኘው የአየር መጠነ ቁስ፣ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ፕሮፔለር የተባለው ተሽከርካሪ ክንፍ ድሮኑን የሚያነሣው አየርን ወደ ታች በመግፋት ስለሆነ፣ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ሞተሮቹ 12 በመቶ ያህል ፈጥነው መሽከርከር ይኖርባቸዋል፤ ይህም ባትሪውን ቶሎ ከመጨረሱ በላይ፣ ድንገተኛ ነፋስን ለመቋቋም ሊተርፍ ይገባው የነበረውን ጉልበት አስቀድሞ ይወስዳል።

ከአየሩ መሳሳት ይልቅ አሳሳች የሆነው ግን የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ድሮን ከፍታውን በዋናነት የሚለካው በባሮሜትር፣ ማለትም በአየር ግፊት መለኪያ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ የመዝናኛ ድሮኖች በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር የሚቆጠረው ከተነሣበት ቦታ እንጂ ከሥሩ ካለው መሬት አይደለም። ስለዚህ ወደ ተከዜ ከሚወርዱት ሸለቆዎች በአንዱ ግርጌ የተነሣ ድሮን፣ ስክሪኑ 60 ሜትር እያሳየ 80 ሜትር ከሚቆም ገደል ጋር ሊላተም ይችላል። የሬዲዮ ግንኙነት ሲቋረጥ ድሮኑን በራሱ ወደ መነሻው የሚመልሰው ሥርዓትም የሚመራው በዚሁ ልኬት ነው፤ ለሜዳ የተሞላው የመመለሻ ከፍታ ሳይስተካከል ከቀረ፣ ለማዳን የተሠራው ሥርዓት ራሱ ድሮኑን ከገደሉ ጋር ያጋጨዋል። ከአምባ ጫፍ ተነሥቶ ቁልቁል የሚወርደውም ቢሆን፣ ለመመለሻው አቀበት ተጨማሪ ባትሪ ሲያስፈልገው፣ ገደሉ በመካከል ገብቶ የመቆጣጠሪያውን ሬዲዮና ድሮኑ ያለበትን ቦታ የሚያውቅባቸውን ሳተላይቶች ምልክት ይጋርድበታል።

ድሮን ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ነፋስ ይከሰሳል፤ እውነተኛው ምስክር ግን የበረራ መዝገቡ ነው። የባትሪው ቮልቴጅ፣ የሚታዩት ሳተላይቶች ብዛትና አብራሪው የሰጠው ትእዛዝ በየቅጽበቱ ስለሚመዘገቡ፣ ሳተላይቶቹ ከቀነሱ በኋላ ያለ ትእዛዝ የተንሸራተተውን ድሮን ኃይል አልቆበት ከወረደው መለየት ይቻላል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት 13ኛ አባሪ፣ የአደጋ ምርመራ ዓላማ ተጠያቂ መፈለግ ሳይሆን ተመሳሳይ አደጋን መከላከል መሆኑን ይደነግጋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ያለቁበት የአውሮፕላን አደጋ ሲመረመርም፣ ከአንድ ሴንሰር የመጣ የተሳሳተ ልኬት አውሮፕላኑን ደጋግሞ ወደ ታች እንዳስደፋው የታወቀው በመዝገቡ ነበር። በመዝናኛ ድሮንም ቢሆን መዝገቡን የመመርመር ልማድ መያዝ ይገባል።

የወደቀው ድሮን ከተገኘ በኋላ የመጀመሪያው ጥንቃቄ የሚገባው ለሊቲየም ባትሪው ነው፤ የተጨመቀ ወይም ያበጠ ባትሪ ከሰዓታት በኋላም ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ዳግመኛ ቻርጅ ሳይደረግ ከቤትና ከደረቀ ሣር ርቆ በአሸዋ ላይ መቀመጥ አለበት።

ከማሽኑ ይልቅ የሚያሳስበው ግን በምድር ያለው ሰው ነው። ጦርነት ባለፈበት በዚህ አካባቢ የድሮን ድምፅ ለብዙዎች የመዝናኛ ድምፅ አይደለም። በሰቆጣ አቅራቢያ የሚገኘውን የውቅር መስቀለ ክርስቶስን ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ከአየር ለመቅረጽ የሚሻ ሰው ከሚመለከታቸው መንግሥታዊ አካላት ፈቃድ ማግኘት ብቻ ሳይሆን፣ የሚበርበትን ሰዓት ለካህናቱና ለአካባቢው ሽማግሌዎች አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል።